የጣሉት እንጂ ያልሰጡት ድንጋይ

ይድረስ ለምወድህና ለተቀየምኩህ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ብርድ ሲነካህ የሚዘጋብህ ጉሮሮህ ተሻለው ወይ? ያለህበት ከተማ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል ሲሉ እሰማለሁ፤ የላክንልህን ሹራብ ትለብሰዋለህ ወይስ እንደ ልጅነትህ ወንበር ላይ ጥለኸው ትወጣለህ? እንቅልፍህስ እንዴት ነው? ምግብ የሚያበስልልህ ሰው አገኘህ ወይስ አሁንም ቆመህ ነው የምትበላው? ይህን ሁሉ የምጠይቅህ ለወጉ እንዳይመስልህ። ተቀይሜህም እንኳ ጤናህን ሳላውቅ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ይህም ራሱ ያናድደኛል።

ስለ እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን ብዬ ልጀምር ብዕሬን አንስቼ ነበር። እንዲህ እያልኩ ስንት ደብዳቤ ጽፌልሃለሁ፤ ዛሬ ግን እጄ እምቢ አለኝ። በሕይወት አለን። እማዬም አለች፣ ባለቤቴም ልጄም አሉ። ቤታችን ግን የለም። አባዬ የሠራው ቤት ከትናንት ወዲያ ፈርሶ፣ በመኪና ተጭኖ ወደ ማዕድኑ ወፍጮ ሄዷል። አንተ ይህን በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ሰምተኸው ይሆናል፤ በእኔ አፍ ደግሞ እንድትሰማው ብዬ ነው የምጽፍልህ።

እኔ አሁንም ቀበቶው ላይ ነኝ። ከጉድጓዱ የወጣው ድንጋይ በቀበቶው እየተጓዘ በፊታችን ሲያልፍ መዳብ ያለበትን እናሳልፋለን፣ የሌለበትን በእጃችን እየለቀምን ወደ ጎን እንወረውራለን። አንተ ዛሬ በምን ስም እንደምትጠራቸው አላውቅም፤ እኛ ያው እንደ ድሮው ያለፈውን ፍሬ፣ የተጣለውን ገለባ እንላለን። ፍሬው ወደ ወፍጮ ይገባል፤ ገለባውን ጋሪ ወስዶ ከኮረብታው ሥር ይገለብጠዋል። ዕድሜዬን ሙሉ የበላሁት እንጀራ ፍሬን ከገለባ በመለየት ነው፤ አንተንም ያስተማረህ ከፊሉ እሱ ነው። ውለታ ልቆጥርብህ አይደለም፤ ነገሩ እንዲገባህ ነው።

ሰፈራችን ከነደረጃውና ከነአጥሩ ከገለባ የተሠራ መሆኑን ላንተ መንገር አይገባኝም ነበር፤ ነገር ግን ከተማ ብዙ ነገር ያስረሳል ይባላል። ያኔ የገለባው ክምር ሐዲዱ ላይ ሊናድ ደርሶ ስለነበር ድርጅቱ የሚያነሳለት ሰው ሲያገኝ ደስታውን አይችለውም ነበር። ውሰዱ፣ ያሻችሁን ያህል ውሰዱ ይሉ ነበር። አባዬ ከጉድጓድ ወጥቶ ባዶ እጁን ቤት ገብቶ አያውቅም። የሰው አባት ዳቦ ይዞ ይገባል፣ የእኛ አባት ድንጋይ ተሸክሞ። እማዬ ደግሞ ዛሬስ ምን ይዘህልን መጣህ ትለዋለች። ድንጋይ አይላትም። ጥግ ነው ይላታል፤ ሌላ ቀን መስኮት ነው ይላታል፤ ሌላ ቀን ደግሞ የወንድ ልጄ መኝታ ይላታል። ያን ጊዜ አንተ ገና አልተወለድክም፣ ግን መኝታህ በአባዬ ትከሻ ላይ ሆኖ ቀድሞህ መጥቷል።

ዝናብ ሲመታው ግድግዳው አረንጓዴ ያወርድ እንደነበር ታስታውሳለህ። እማዬ ሻጋታ ነው ብላ በአመድ ትፈትገዋለች፣ አባዬ በየዓመቱ ኖራ ይቀባዋል፣ አረንጓዴው ደግሞ ኖራውን አልፎ ብቅ ይላል። አንተ በጣትህ እየጠረግህ ትልሰው ነበር። አባዬ የወገቡን ቀበቶ ፈትቶ የገረፈህ ያን ቀን ብቻ ነው። ሌላውን ጥፋትህን ሁሉ በሳቅ ነበር የሚያልፈው። የማንቂያ ሰዓቱን በመዶሻ ከፍተህ ጥርስ ጥርሱን መሬት ላይ ዘርግተህ ሲያገኝህ እንኳ አልቆጣህም። የፋኖሱን ብርጭቆ ሰበርክ፤ የእኔን አሻንጉሊት ሆዷን ቀደድክ። ለምን ስትባል መልስህ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ ውስጡን ልየው ብዬ ነው ትላለህ። እማዬ ሰባብሬ ብላ ስም ያወጣችልህም ለዚህ ነው። ጎረቤት ሁሉ የእናትህን ዕቃ ምን አደረግከው እያለ ያሾፍብህ ነበር። እስከ ዛሬም ድረስ እዚህ በዚያ ስም እንጂ በዋናው ስምህ የሚያውቅህ የለም።

አባዬ ካረፈ በኋላ ለእረፍት የመጣህ ጊዜ እንዴት ደስ እንዳለን። ኮት ለብሰሃል፣ ጫማህ ያበራል፣ ከሻንጣህ ውስጥ ደግሞ ትንሽ መዶሻ አወጣህ። እማዬ መዶሻዋን ስታይ የአባቱ ልጅ ብላ አለቀሰች። በማግስቱ ጠዋት ከመስኮቱ ሥር፣ አረንጓዴው በርትቶ ከሚወርድበት ቦታ፣ አንድ ድንጋይ ፈልቅቀህ በመሐረብህ ስትጠቀልል እኛ በር ላይ ቆመን ነበር። እማዬ ሮጣ መጥታ እቅፍ አደረገችህ። ውሰድ ልጄ፣ የአባትህን እጅ እንዳትረሳ ውሰድ አለችህ። አንተ ምን አልክ? ምንም አላልክ። አንገትህን ደፍተህ መሐረቡን ቋጠርክ። እኔ እንባህ መጥቶ መስሎኝ ፊቴን አዞርኩልህ።

አንተ ከሄድክ በኋላ እማዬ ያን ቀዳዳ አልደፈነችውም። ባለቤቴ በጭቃ ልምረገው ቢላት ተቆጣችው። የልጄ ቦታ ነው አለች፤ የቤቱን ቁልፍ እዚያ ውስጥ ታስቀምጥ ጀመር። ሰው ሲመጣ ቁልፍ ለማውጣት እያሳበበች ታሳየዋለች። ሌላው ልጅ ከእናቱ ብርድ ልብስ ይወስዳል፣ ቅቤ ይወስዳል፣ የእኔ ልጅ ግን የአባቱን ድንጋይ ይዞ ነው የሄደው፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦት ጠዋት ጠዋት ሳያየው አይወጣም ትላለች። ይህን የነገርካት አንተ አይደለህም፤ ከራሷ አውጥታ ነው። ስትደጋግመው ግን እኔም አምኜው ነበር።

በክረምቱ መግቢያ ላይ ሁላችንንም ወደ መመገቢያው አዳራሽ ጠሩን። ሥራ አስኪያጁ መድረክ ላይ ወጥቶ ዓለም ሁሉ መብራት እያስገባ ነው፣ ለሽቦው መዳብ ያስፈልጋል አለ። እኛ ገና በፋኖስ እንደምናመሽ ረስቶት ይሆናል። ቀጠለና፣ የድሮው ጉድጓድ ሀብታም ስለነበር ያኔ ገለባ ብለን የጣልነው ዛሬ ከምናወጣው ፍሬ ብዙም አያንስም አለ፤ አድቅቀው አሲድ ሲያጠጡት መዳቡን የሚያስለቅቅ ዘዴ መጥቷል አለ። ይህን ያሳየንም የዚሁ ሰፈር ልጅ የሆነ ባለሙያችን ነው፤ ከአባቱ ቤት ግድግዳ ያመጣት አንዲት ድንጋይ ቤተ ሙከራ ውስጥ ተሰባብራ፣ ተፈጭታ፣ በአሲድ ሟሙታ የተገኘው ውጤት ነው ብሎ ስምህን ጠራ። ዋናውን ስምህን ስለጠራ ግማሹ ሰው ስለማን እንደሚያወራ እንኳ አላወቀም፤ ሲያጨበጭቡ አይቶ አጨበጨበ።

እማዬ ጆሮዋ እንደምታውቀው ነው። ክንዴን ጎትታ ምን አለ አለችኝ። ልጅሽን አመሰገነው አልኳት። ሌላው አጨብጭቦ ሲያበቃ እሷ ብቻዋን ቀጠለች፤ ሰው ዞሮ እስኪያያት ድረስ አጨበጨበች። ከዚያች ሰዓት ወዲህ ሆዴ ውስጥ የተቀመጠውን ነገር ብነግርህ ወረቀት አይበቃኝም፤ ሆድ ይፍጀው።

ቀጥሎ የመጣው ናሙና ለቃሚው ነው። በቀይ ቀለም የተሞላ ቆርቆሮና ብሩሽ ይዞ ቤት ለቤት እየዞረ፣ ግድግዳውን ጫፉን ሰብሮ ከረጢት ውስጥ ይጨምራል፣ በሩ ላይ ቁጥር ይጽፋል። የክሊኒኩን መቀመጫ ሞከረ፤ የትምህርት ቤቱን ደረጃ ሞከረ። መሰርሰሪያ የሚስሉት አንጥረኛ ጎረቤታችን እንዴት እንደሚያሾፉ ታውቃለህ፤ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው እያሳሉ፣ አንተ ልጅ፣ የእኔን ሳንባ አትሞክረውም ወይ፣ ይህን አቧራ ስንት ዘመን ነው የዋጥኩት፣ ቢፈጭ ከግድግዳው ይበልጣል አሉት። ሰው ሁሉ ሳቀ። ናሙና ለቃሚውም ሳቀ። እኔ ግን አባዬ በመጨረሻው ሰሞን ግድግዳውን ተደግፎ እንዴት ያስል እንደነበር ትዝ አለኝ።

ዝም ብለን እጃችንን አጣጥፈን የተቀመጥን እንዳይመስልህ። ባለቤቴና አንጥረኛው ሰው አስተባብረው፣ እኔም ከቀበቶው ሴቶችን ይዤ ቢሮ ድረስ ሄደናል። ራሳችሁ ውሰዱ ብላችሁ የሰጣችሁን ነው፣ አባቶቻችን በትከሻቸው ተሸክመው ያመጡት ነው አልን። ሥራ አስኪያጁ ውኃውን ፉት አለና፣ ድርጅቱ ድንጋዩን ጣለው እንጂ ለማንም አልሰጠም አለን። የጣለውን ነገር መልሶ ማንሳት ደግሞ መብቱ ነው አለ። ይህን ቃል በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ እስክሞት አልረሳውም። ከዚያ ቀን ወዲህ አንቱታዬን ነጥቄዋለሁ፤ አንተም ይህን ስታነብ ሥራ አስኪያጁን አለ እያልኩ የጻፍኩት ተሳስቼ እንዳይመስልህ።

በምትኩ ከሐዲዱ ማዶ ቆርቆሮ ቤት ሠርተውልናል፤ ረጅም መደዳ ነው፣ ክፍል ከክፍል የሚለየው ጣውላ ነው። ጎረቤት ሲያስነጥስ ይማርህ የምንለው እኛ ነን። ቀን እንደ ምጣድ ይግላል፣ ሌሊት እንደ ጉድጓድ ይቀዘቅዛል። ግድግዳው ቀጥ ያለ ነው፤ አረንጓዴም አያወርድም። እማዬ የገባን ቀን ግድግዳውን በጣቷ መታ መታ አድርጋ ሰማችውና ውስጡ ባዶ ነው አለች።

ቀበቶውም በቅርቡ ይቆማል ብለውናል። ገለባ የሚባል ነገር ከሌለ ገለባ ለቃሚ ምን ይሠራል? ሁሉም ፍሬ ሆኗል። እኔና ጓደኞቼ ብቻ ነን ገለባ ሆነን የቀረነው።

ልትመልስልኝ ያሰብከውን አውቃለሁ። አፍርሱ ያልኩት እኔ አይደለሁም ትለኛለህ፤ እውነትህን ነው። እኔ አንድ ድንጋይ ነው የመረመርኩት፣ ሌላው የአለቆች ውሳኔ ነው ትለኛለህ፤ እሱም እውነት ይሆናል። ውስጡን ልየው ብዬ ነው ትለኛለህ። እኔም አላምንህም አልልም። እኔን ያቃጠለኝ መመርመርህ አይደለም። እናትህ አንገትህ ላይ ተጠምጥማ የአባትህን እጅ እንዳትረሳ ስትልህ፣ እማዬ ይህ ለዚያ አይደለም ብለህ አንዲት ቃል አለመተንፈስህ ነው። ያን ጊዜ ብትናገር ምናልባት ትሰጥህ ነበር፤ ላንተ ምን ነፍጋህ ታውቃለች? አንተ ግን አታለህ ወሰድክ፤ እሷ ደግሞ በማታለያህ ላይ ቁልፍ እያስቀመጠች ስትኮራበት ከረመች። ሰዓቱን የሰበርክ ጊዜ ቢያንስ ፊት ለፊት ነው የሰበርከው።

እኔም እውነቱን አልነገርኳትም። ድንጋይዋ ጠረጴዛህ ላይ እንዳለች እንድታስብ ተውኳት። ቤቷን የወሰዱባት ሳያንስ ልጇንም ልውሰድባት? አንተን ብዬ አይደለም፣ እሷን ብዬ ነው። ሰው እንዳይነግራትም አንጥረኛውን፣ ባለቤቴን፣ ሴቶቹን ሁሉ ለምኜ አፋቸውን ዘግቻለሁ። ላንተ ውሸት ጥበቃ ስቆም መክረሜ ነው የሚያንገበግበኝ።

የእኛ ተራ ከትናንት ወዲያ ደረሰ። ዕቃውን ቀደም ብለን አጉዘናል። እማዬ ግን ወንበሯን አስወጥታ ከቤቱ ፊት ለፊት ተቀመጠች፤ ተነሺ ብትባል እምቢ አለች። አላለቀሰችም። ማሽኑ የኩሽናውን ጥግ ሲገፋው ይህ ጥግ ነው አለች። ቀጥሎ መስኮቱ ሲናድ መስኮት አለች። ከዚያ የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ወደ ውስጥ ተደፋ፤ እሷም የወንድ ልጄ መኝታ አለች። አባዬ ተሸክሞ ሲያመጣ እንደጠራቸው አንድ በአንድ እየጠራች ሸኘቻቸው። ማሽኑን የሚነዳው ሰው ድምፅዋን ሰምቶ ሳይሆን አፏ ሲንቀሳቀስ አይቶ፣ እየረገመችኝ ነው ብሎ ፈርቶ ሞተሩን አጠፋ። ጉድ እኮ ነው፤ እናትህ ሰው መርገም መች ታውቃለች።

ሞተሩ በጠፋበት ሰዓት ተነስታ ፍርስራሹ ውስጥ ገባች። ያቺን ቁልፍ የምታስቀምጥባትን ቀዳዳ ፈለገች፤ ከእሷ ጎን የነበረችውን፣ አንዱ ጎኗ በኖራ የነጣ፣ ሌላው ጎኗ የወረዛች ድንጋይ አነሳች። ሹፌሩ ግራ ቀኙን አይቶ አለቃው እንደሌለ ሲያውቅ ፊቱን ወደ ሌላ አዞረላት። ዛሬ ከሰፈሩ ጠጠር ይዞ መውጣት ክልክል መሆኑን ልንገርህ፤ ኬላው ላይ ዘበኛ ቦርሳ ይፈትሻል። እማዬ ድንጋይዋን በሻሿ ጠቅልላ እንደ ሕፃን ታቅፋ አለፈች። ምንድነው እማማ ቢላት ዳቦ ነው አለችው። በዕድሜዋ የመጀመሪያዋ ስርቆት መሆኑ ነው፤ የሰረቀችውም የገዛ ቤቷን ነው።

ይህን ደብዳቤና አብሮት ያለውን ከበድ ያለ ጥቅል የሚያደርስልህ የመዳብ ጫኙ መኪና ሹፌር ነው። ሰውየው ደግ ነው፤ ዳቦ ነው ብለን አላታለልነውም፣ ምን እንደሆነ ነግረነዋል፣ ከመቀመጫው ሥር ደብቆ ነው የሚያመጣልህ። ሻይ ጋብዘው። ጥቅሉን ስትፈታ ሻሿን ታውቀዋለህ። ፍሬ ይሁን ገለባ መመርመር አያስፈልግህም፤ ከእህቷ፣ ያኔ ከወሰድካት ድንጋይ፣ ታውቀዋለህ።

ባለቤቴ ሰላም ብሎሃል። ተናዶብህ ነበር፣ አሁን በርዶለታል፤ ስትመጣ ግን አንድ ሁለት የሚልህ ነገር አለው። ልጄ አጎቴ ሰዓት የሚሰብረው ነው ወይ ትላለች፤ አዎ ብያታለሁ፤ ሰላም በይልኝ፣ የእኔን ሰዓት ግን አልሰጠውም ብላለች። አንጥረኛው ለዚያ ለሰባብሬ ንገሪው፣ ሳንባዬን በነፃ ልኬለታለሁ በይው ብለውሃል፤ ቀጥለው ደግሞ ሳቃቸውን ውጠው በደህና ይቆይ ብለዋል። የቀበቶው ሴቶችም እንዴት ነህ ብለውሃል። እኔም እህትህ፣ ቅስሜ ቢሰበርም፣ ጤና ይስጥህ እላለሁ፤ ሹራብህን ልበስ።

የእማዬን ሰላምታ ለመጨረሻ ያቆየሁት ብዙ ጊዜ ጽፌ ስለሰረዝኩት ነው። ትናንት ድንጋይዋን ስንጠቀልል ምን ብዬ ልጻፍለት አልኳት። የመጀመሪያዋ ብቻዋን ናት፣ ጓደኛ ትሁናት በይው ትለኛለች ብዬ ብዕሬን አዘጋጅቼ ነበር። እሷ ሻሹን ቋጠረች፣ ቋጠሮውን አጠበቀች፣ ለረጅም ጊዜ እጇን ከላዩ አላነሳችም። ከዚያ፣ ሰላም በይልኝ፣ ይችኛዋን ግን እንዳይሰብራት ንገሪው አለችኝ።

ከሐዲዱ ማዶ፣ ከአዲሱ መደዳ፣ ከመጨረሻው ክፍል
ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.